ባለ ቁጥሩ ውሻ

ዓርብ ጠዋት፣ ሃምሳ አለቃ ገሰሰ ጎንበስ ብሎ ወደ ባየሽ የሣር ቤት ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በሞተው ልጅ ላይ አልነበረም። ከምድጃው አጠገብ አምስት ዶሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እግራቸው እንደ ጭራሮ ደርቆ ወድቀዋል።

ልጁ መደቡ ላይ ነበር። ስሙ ቢሻው ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ቀን ሠራተኛ። ባየሽ በራሷ ነጠላ ሸፍናዋለች። ገሰሰ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ጀርባው ተቆልምሞ ቀርቷል፣ ጥርሱ ገጥሟል። መልሶ ሸፈነው።

ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት ግን ነገሩን ጨርሶታል።

«ውሻው ነው የነከሰው» አለ አንዱ። «እብድ ውሻ ነው።»

ውሻው ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ግንድ ጋር ታስሮ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ቀለሙ ዳማ ነው። አንገቱ ላይ 117 የሚል ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ አለ።

በ1973 ክረምት በመተማ ከተማ ሁለት ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ሞቶ ነበር። ክረምቱ እንደ ወጣ ቀበሌው ደንብ አወጣ። ውሻ ያለው ነዋሪ ሁሉ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል፤ ውሻው ይከተባል፣ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይታሰርለታል። ቁጥር የሌለው ውሻ በዘመቻ ቀን በመርዝ ይገደላል። ደንቡ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ገሰሰ ከፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ቆሞ ሰምቶት ነበር። ከሁለቱ ሟቾች አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ጥሩአየሁ ናት። ሌላ ልጅ አልነበረውም።

ስለዚህ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ በእብድ ውሻ የሚሞት ሰው እንዴት እንደሚሞት ያወቀ እሱ ብቻ ነበር። ቀናት ይፈጃል። ውኃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ እንኳ ያስፈራዋል።

«እሱ አይደለም» አለ ገሰሰ። «ሂዱ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ባየሽ ከልጁ ራስጌ ተቀምጣለች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ለቀን ሠራተኞች ምግብ እያበሰለች የምታድር ሴት ናት። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«እትዬ ባየሽ፣ መቼ ነው የታመመው?»

«ወባው ሳምንት ሆነው። ትላንት ግን ተሽሎት ነበር። ቁጭ ብሎ አጫውቶኛል። ጀንበር ሳትጠልቅ ነው ድንገት የያዘው። እግሩን ገተረ፣ ወገቡ እንዲህ ተነሣ፤ ነፍሱን አውቆ ‹ያዥኝ› እያለኝ። ውኃ እስካፈላ አልቆየልኝም።»

«ምን በላ?»

«ሥጋ።»

«ከየት የመጣ ሥጋ?»

«ትላንት ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ ከአጥሬ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ላይ አገኘሁት። በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ። ውቤ የላከልኝ መሰለኝ።»

ውቤ ከጎኗ የሚኖር ሥጋ ሻጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ውሻው የፍየል ግልገሉን ነክሶበት ሰፈር እስኪሰማ ተጣልተዋል።

«ታረቂኝ ማለቱ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ።»

«እርስዎ ቀመሱት?»

«ምኑን ልቅመሰው፤ ለሁለት ሰው አይበቃ። ጅማቱን ለዶሮዎቹ ጣል አድርጌ ለሱ ጠበስሁለት።» እጇን ወደ ጭኗ ሰበሰበች። «መረረኝ አለ። ኪኒኑ ነው አፍህን ያመረረው፣ ጨርሰው፣ ጉልበት ይሆንሃል አልሁት። እንዳልቀየመው ብሎ ጨረሰው።»

ገሰሰ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። ሴትዮዋ ነገሩን ገና አልገጣጠመችውም።

«ውሻው የማን ነው?»

«የሱ ነው። ከጎጃም ድረስ በእግሩ ተከትሎት መጣ። ሊያስመዘግበው ቢሄድ ነዋሪ አይደለህም፣ መታወቂያ የለህም አሉት። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ በስሜ አስመዘገብሁለት። ያን ቀን እናቴ ብሎ ጠራኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ሃምሳ አለቃ፣ ማነው ልጄን እንዲህ ያደረገው? ይነግሩኛል አይደል?»

«እነግርዎታለሁ» አለ ገሰሰ።

*

ውቤ ግንዱ ላይ አጥንት እየከተፈ ነበር። ገሰሰን ሲያይ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ውሻውን ሳልገድል አላድርም ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ። ሰው ተናዶ ስንት ነገር ይላል። ቁጥር ያሰረ ውሻ የገደለ እንደሚከሰስ ግን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ፍርድ ሸንጎ የሄድሁት።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርህ?»

«የት እሆናለሁ? ስብሰባ ነዋ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ስሜ ሲጠራ አቤት ብያለሁ።»

«መሐል ላይ አልወጣህም?»

ውቤ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። «አብዮት ጥበቃዎቹ ከበሩ ቆመው ለሽንት እንኳ ማን ያስወጣ። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ዝግ። ያን ሰዓት በሰፈሩ ዶሮ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«ለባየሽ ሥጋ ልከሃል?»

«እኔ? ለሷ?» ውቤ አንገቱን ደፋ። «ብልክ ኖሮ ደግ ነበር። ልጁ ግልገሉን ላስታምምልህ ብሎ ሦስት ቀን ሣር አምጥቶልኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት።»

*

የእንስሳት ክትባት ሠራተኛው አዛናው የሞቱትን ዶሮዎች አገላበጠና ፊቱ ተለወጠ።

«የኛ መርዝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የዘመቻው። በሥጋ አድርገን ለውሻ የምንጥለው።»

«መርዙ በማን እጅ ነው?»

«በኔ። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት።»

«ሐሙስ የት ዋልህ?»

«ገንዳ ውሃ። ክትባት ላመጣ በረዶ ማስቀመጫውን ይዤ በጠዋት ሄጄ ምሽት በጭነት መኪና ተመለስሁ። ሾፌሩን ይጠይቁት።»

ገሰሰ ሾፌሩን ጠየቀ። አዛናው እውነቱን ነበር፤ እንዲያውም በረዶው እንዳይቀልጥ መንገዱን ሙሉ የክትባቱን ሣጥን አቅፎ ነበር የመጣው። ተመልሶ ሄደና መርዙን በፊቱ አስቆጠረው። አንድ እሽግ ጎደለ።

አዛናው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዛሬ አይደለም የጠፋው። በጥቅምቱ ዘመቻ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። አሻጥር ሠራ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስድስት ልጅ አለኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«በጥቅምቱ ዘመቻ ማን ነበር ከአንተ ጋር?»

«ሥጋውን የቆረጡት የሴቶች ማኅበር ሰዎች ናቸው። ሽታዬ ነበረች፣ ውባንች ነበረች…»

«ሌላስ?»

አዛናው የቁልፉን ገመድ በጣቱ ጠመጠመ፣ ፈታ። «ሌሎችም ነበሩ። ሁሉን አላስታውስም።»

ገሰሰ በጥቅምት ከተማ አልነበረም። የእርሻ ጥበቃ ተብሎ አብደራፊ ሃያ ቀን ቆይቷል። ሽታዬንና ውባንችን ማስጠራቱን ትቶ አንድ ነገር አሰበ፤ ማን መርዝ ሊያገኝ ይችል ነበር ከማለት ማን ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በባየሽ ደጅ ሊያልፍ ይችል ነበር ማለት ይቀላል። ባየሽ ወደ ስብሰባው ስትወጣ ድንጋዩ ላይ ምንም አልነበረም። ስትመለስ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት አዳራሽ ውስጥ ተቆልፎ ስሙ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ሥጋውን ያስቀመጠው ሰው ከስብሰባ የቀረ ሰው ነው።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን አወጣለት።

«ያለ ፈቃድ የቀረ የለም» አለ ጸሐፊው። «በፈቃድ የቀሩት አራት ናቸው።»

«አንብብልኝ።»

«አንደኛ ቄስ ውባንተ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛ ባንቺአየሁ፤ አራስ ናት፣ ሰባት ቀኗ። ሦስተኛ የትራክተሩ ሾፌር፤ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል…»

ጸሐፊው ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሣ።

«አራተኛው?»

ጸሐፊው መዝገቡን ወደ ገሰሰ አዞረለት። ከገጹ ጋር በመርፌ የተያዘች ወረቀት ነበረች። ገሰሰ የእጅ ጽሕፈቱን ከቃላቱ በፊት አወቀው። የራሱ ነው። *ባለቤቴ ወይዘሮ ለተሥላሴ በደረሰብን ሐዘን ምክንያት ከቤት የማትወጣ ስለሆነ ከስብሰባ ቀሪ እንድትሆን እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።*

«እኔ እኮ…» አለ ጸሐፊው።

«ምንም አላልህም። ዝጋው» አለ ገሰሰ።

ወደ አዛናው እንዴት እንደ ሄደ አያስታውስም። አዛናው ሲያየው ብድግ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። በጥቅምቱ ዘመቻ ሥጋ ከቆረጡት ውስጥ ለተሥላሴ ነበረች?»

አዛናው እንባው መጣ። «ከቤት በመውጣቷ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ማን ሊጠረጥር ይችላል? እሽጉ ሲጠፋ በልቤ አስቤያለሁ፤ ግን ልጇን ያጣች ሴት ናት ብዬ ዝም አልሁ።»

ገሰሰ ወጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ። ከጣቢያው ደጅ ደርሶ አልገባም፤ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ አሰበ። ልጁ ተቀብሯል። ነዋሪ አይደለም፣ መታወቂያ የለውም፣ ዘመድ የለውም። «በወባ ሞተ» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ጠያቂ አይመጣም። በዚያ ዓመት ስንቱ የቀን ሠራተኛ በዚያች አንድ መስመር ተዘግቷል። የሚጠይቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ፊደል አትቆጥር።

ቆሞ ቆሞ ወደ ቤቱ አቀና።

*

ለተሥላሴ ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ከበሩ ውስጥ ሆና ሽምብራ ትለቅማለች። ገሰሰ ከፊቷ ያለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ባልና ሚስቱ ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም።

«ሐሙስ ወጥተሽ ነበር?»

ጣቷ ከሽምብራው ላይ አልተነሣም። «ወጥቼ ነበር።»

«ወደ ባየሽ ቤት?»

«አዎ።» መልሳም ጠየቀች፤ «ውሻው ሞተ?»

ገሰሰ ቀና ብሎ አያት። አታውቅም ማለት ነው። ጎረቤት የእብድ ውሻን ስም ሊጠራባት ሳይወድ አንድ ቀን ሠራተኛ በወባ ሞተ ብሎ ነግሯት ይሆናል፤ እሱ ራሱ ሁለት ቀን እየገባ እየወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም።

«ውሻው አለ። ልጁ ነው የሞተው።»

«የቱ ልጅ?»

«የውሻው ባለቤት። ቢሻው። ባየሽ ሥጋውን አንስታ ጠብሳ አበላችው።»

ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ሽምብራው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«በቅጠሉ እንደ ታሰረ ነው የተውሁት» አለች። «ልፈታው ነበር። ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ሁሉም ስብሰባ ነው ብዬ፣ ቤቱ ባዶ ነው ብዬ። ደንግጬ ከድንጋዩ ላይ ጥዬው ሮጥሁ። ማታ ተመልሼ ላነሣው ነበር። አንተ ገባህ፤ አልወጣሁም።»

«ለምን ያን ውሻ? ተከትቧል፣ ቁጥር አለው።»

«ማክሰኞ ከቦኖው ውኃ ስቀዳ አየሁት። አንዲት ልጅ እጇን ከአፉ ከትታ ትጫወታለች። የኛን ጥሩዬን ታክላለች። ተይ አንቺ ልጅ አልኋት። ‹ቁጥር አለው እኮ፣ አይነክስም› አለችኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ገሰሰ። ቆርቆሮ ጥርስ ይከለክላል? ያቺን ልጅ ሲነክሳት እያየሁ ነጋ።»

«መርዙን ግን በጥቅምት ነው የወሰድሽው።»

የወደቀውን ሰፌድ አነሣች።

«በጥቅምት ይህ ውሻ ገና አልመጣም ነበር፣ ለተ።»

«ለውሻ አልነበረም የወሰድሁት» አለች ለተሥላሴ።

ገሰሰ ገባው። አብደራፊ ሳለ ሃያ ቀን ብቻዋን የዋለችበትን፣ ብቻዋን ያደረችበትን ይህን ቤት ዙሪያውን አየው። ሲመለስ ደጃፍ ቆማ ተቀብላዋለች። እግሩን አጥባዋለች። ያን ጊዜ እሽጉ እዚህ የሆነ ቦታ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም። ከቀበርናት ወዲህ ምንም ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ሳይጠይቃት የቆየው የራሱን ጥፋት ፈርቶ ነበር። ሐምሌ ላይ ጥሩአየሁ ከጨዋታ ስትመጣ እጇ ላይ ትንሽ ጭረት ነበረ። ለተሥላሴ ጎንደር እንውሰዳት፣ መርፌ አለ ይባላል አለች። እሱ አየና ጭረት ነው፣ አመድ አድርጊበት አለ። ትኩሳቱ ሲመጣ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ወቀሳ እስክትጀምር ሲጠብቅ፣ እሷ ሳትጀምር፣ ሁለቱም በዝምታ ሦስት ወር ኖሩ።

«እኔ ነኝ አትሂጂ ያልሁሽ» አለ። «በኔ ነው የሞተችው።»

«እሱን ማን ጠየቀህ አሁን» አለች ለተሥላሴ፣ ድምፅዋ ሳይከፋ። ጎንበስ ብላ የተበተነውን ሽምብራ መልቀም ጀመረች። ገሰሰም ወርዶ አብሯት ለቀመ። ሲጨርሱ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«እናቱ አለች?»

«አላውቅም።»

«እንሂድ እንግዲህ» አለች።

*

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ፈንቴ የገሰሰን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። ለተሥላሴ ከውጭ፣ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ገሰሰ፣ በሩን ዝጋው።»

ዘጋው።

«ይህን ወረቀት አላየሁትም ልበልህ? ወባ ነው። ማንም አይጠይቅም። አንተም ሴትዮህም በቂያችሁን አይታችኋል።»

«ባየሽ ጠይቃኛለች።»

«ባየሽ ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም፣ ሻምበል። ለዚህ ነው የጠየቀችኝ።»

ፈንቴ ማኅተሙን ሳበ። «ከእንግዲህ ምርመራው የኔ ነው። አንተ እጅህን አታስገባበት።»

«አንድ ቀርቶኛል። ለባየሽ ልንገራት።»

ባየሽ ሳይነገራት ደርሳበት ነበር። ዶሮዎቹን ስትቀብር ነው የገባት። ገሰሰ ሲመጣ ከምድጃዋ አጠገብ እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ታያቸዋለች።

«መረረኝ ብሎኛል» አለች። «ነግሮኛል እኮ። ጨርሰው አልሁት።»

ገሰሰ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማን እንዳስቀመጠው፣ ለምን እንዳስቀመጠው ነገራት። የሚስቱን ስም ሲጠራ ድምፁ አልተሰበረም፤ የልጁን ስም ሲጠራ ግን ተሰበረ። ባየሽ እጆቿን አጥፋ ሰማችው።

«ሚስትዎ አሁን የት አለች?»

«ጣቢያ ናት። ሰኞ ወደ ጎንደር ትላካለች።»

«እህል ቀምሳለች?»

«እምቢ አለች።»

«ግድ አይበሏት» አለች ባየሽ። «እኔ ግድ ብዬ አየሁት።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አልረግማትም። ግን አላያትም። እንዳታመጡብኝ።»

«አናመጣም።»

«ለናቱስ ማን ይነግራታል? አገሩ ከዳንግላ ወዲያ ነው፤ አሰበች ነው ስሟ።»

*

ሰኞ ለተሥላሴን የጫነችው መኪና ወደ ጎንደር ስትወጣ ገሰሰ ከኋላ ቆሞ አቧራው እስኪቀመጥ አየ። በማግስቱ የአሥር ቀን ፈቃድ ጠየቀ። የቢሻውን አንድ ጋቢና አንድ ማጭድ ይዞ በጭነት መኪና ጎንደር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ዳንግላ ገባ፤ ከዳንግላ ግማሽ ቀን በእግሩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ለራሱ አንድ ነገር ሲደጋግም ነበር፤ ምንም አልደብቃትም፣ ስለ ሥጋውም ስለ ሚስቴም።

አሰበች ከበሯ ላይ ተቀብላ አስገባችው። ቀጭን፣ ቁመቷ ረዘም ያለ ሴት ናት። የልጇን ጋቢ ከእጁ ላይ ስታይ ሳይነግራት አወቀች። ጮኻ አልወደቀችም፤ ጋቢውን ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። ጎረቤቶች መጥተው አለቀሱላት። እንባው ትንሽ ሲበርድ ቀና ብላ እንግዳውን ጠየቀችው።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም፣ እማማ። እንደ እናት የምታየው ሴት ከራስጌው ነበረች።»

«ተርቦ ነበር? ቆላ ሰው ይራባል አሉ። እህል ሳይቀምስ ነው የሄደብኝ?»

ገሰሰ ባርኔጣውን አውልቆ ከጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አይ። በልቶ ነበር። ሥጋ።»

«ሥጋ» አለች አሰበች። ጋቢውን ወደ ደረቷ አጥብቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «ተመስገን። ያበላችልኝን እጇን ይባርክላት።»

ጎረቤቶቹ «አሜን» አሉ። ገሰሰ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እማማ» አለ፣ «ገና አልጨረስሁልዎትም።»